አንዲት «ና» ይዤ ወደ ነጭ ባሕር

ሰው የሰጠኝን ነገር በመጀመሪያ እምቢ ማለት የተማርኩት ቂርቆስ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ጎረቤት ገብተን፣ የቤቱ እመቤት «ና እስቲ ብላ» ሲሉኝ እጄን ልታጠብ ዘልዬ ተነሣሁ። እናቴ ፊቷ ፈገግ እንዳለ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ቤት ስንገባ ትምህርቱ ተብራራልኝ።

«ሰው ብላ ሲልህ ጠግቤያለሁ ትላለህ። ሁለተኛ ሲልህ ይቅርብኝ ትላለህ። በሞቴ ሲልህ ያኔ ትበላለህ። ቤቷ ምግብ የሌላት አስመሰልከኝ እኮ!»

ይህን ትምህርት እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ይዤ አደግሁ። አንድ ቀን ሊገድለኝ እንደሚችል ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ሰሜን ሩሲያ፣ አርካንግልስክ የምትባል ከተማ የእንጨት ቴክኖሎጂ እማር ነበር። የሰፈሬ ልጆች «ሰው አገር አቋርጦ ሄዶ እንጨት ይማራል?» እያሉ ስቀውብኛል። ይሳቁ። እኔ ግን በሁለተኛው ዓመት ክረምት ለዕረፍት ስመጣ በሩሲያኛ አፌን ፈትቼ ስለነበር ትንሽ ትንሽ እኮራ ነበር። በዚያ ኩራቴ ነው እናቴ እጄን ይዛ ካዛንቺስ፣ እማማ ዘይነባ ቤት የወሰደችኝ።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው ካዛንቺስ ነው፤ ቂርቆስ የመጣችው ተድራ ነው። እማማ ዘይነባ የግድግዳ ጎረቤቷ ነበሩ። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው፣ በርበሬና ቅመም ሸጠው አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጁ ሰይድ ይባላል። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄዶ እዚያው ቀረ።

እማማ ዘይነባ ከአልጋቸው ራስጌ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡና አንድ ፖስታ ሰጡኝ። ጠርዙ ተበልቷል።

«አንተ የነሱን ፊደል ታነባለህ አሉ። ይኼ የመጨረሻው ነው። ሞስኮ የት ሰፈር እንደሆነ እስቲ እየው።»

አየሁት። ሞስኮ አልነበረም።

«እማማ፣ ይቺ ከተማ ነጭ ባሕር ዳር ያለች ትንሽዬ ቦታ ናት። እኔ ከምማርበት በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ብትሆን ነው።»

«ሞስኮ አይደለም?» አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ልጃቸውን ሞስኮ አስቀምጠው ሲያስቡት ኖረዋል። ደብዳቤ ይጽፉላቸው የነበሩት ጡረተኛ ታይፒስት የሩሲያውን አድራሻ እንደ ሥዕል እያዩ ነበር የሚገለብጡት። እሳቸው ከሞቱ በኋላ የሚገለብጥም ጠፋ።

ከዚያ እማማ ዘይነባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእናቴ እንኳ በደንብ ያልነገሯትን ነገሩኝ። «ትምህርቱን ሲጨርስ ልምጣ ወይ ብሎ ጻፈልኝ። እኔም አትቸገር፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እዚያው ኑር አልኩት። እናት ሌላ ምን ትላለች? ናልኝ ብዬ ልጨቅጭቀው? አንጀቱ ያውቀዋል ብዬ ነዋ። እሱ ግን እውነት መስሎት ቀረ።»

«ታዲያ ሁለተኛ አይጽፉለትም ነበር?»

«አፈርኩ። እምቢ ብዬው ተመልሼ ና ልበል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።» እጄን ያዙኝ። «ካገኘኸው አንድ ቃል ብቻ ንገርልኝ። ና ብላሃለች በለው። ሌላ እንዳትጨምርበት።»

እሺ አልኩ። አርካንግልስክ ተመልሼ በአድራሻው ደብዳቤ ላክሁ። መልስ የለም። ፈተና መጣ፣ በረዶ መጣ፣ እኔም ነገ ዛሬ እያልኩ ስድስት ወር አሳለፍኩ። አላፈርኩም አልላችሁም።

የካቲት ላይ እናቴ ደወለች። «ናቲዬ፣ የእማማ ዘይነባ ሰፈር ለልማት ሊነሣ ነው። ወር አይሞላም የቀራቸው። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፣ እሳቸው ግን አልሄድም ብለው ተቀምጠዋል።»

«ለምን? አዲስ ቤት እኮ ነው!»

«ሰይድ የሚያውቀው ይሄን በር ብቻ ነው ይላሉ። በሩ ከፈረሰ የት ብሎ ይመጣል አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ስልኩን ስዘጋ አንገቴን ማቅናት አቃተኝ። አጋጣሚ ሆኖ በዚያ ሳምንት የሦስት ቀን በዓል ነበር። ወደዚያች ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ግን በበረዶ ውሽንፍር ምክንያት እስከ በዓሉ ማግስት ቆሟል። የዶርም ጓደኛዬ ሩሲያዊው «መንገድ ዳር ቆመህ እጅህን ዘርጋ፤ እዚህ ሰው አይጥልህም» አለኝ። ሊፍት መጠየቅ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ የቂርቆስ ልጅ ነኝ። ለገሃር ላይ በማታ ግፊያ ሚኒባስ የያዘ ሰው የትም መኪና ይይዛል ብዬ ተነሣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው መውጫ ቆምኩ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሦስት ነበር። በዚያ ብርድ የአፍንጫ ጠጉር እንደ ሽቦ ይደርቃል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ የግንድ መጫኛ ከባድ መኪና ቆመልኝ። ሹፌሩ ቮሎዲያ ይባላል፤ ስድሳ ዓመት አካባቢ፣ አንገት የሌለው የሚመስል ወፍራም ሰው።

«አፍሪካዊ?» አለኝ ስገባ።

«ከኢትዮጵያ ነኝ።»

«እንጨት ከሌለበት አገር እንጨት ልትማር መጣህ?» ብሎ የሰፈሬን ልጆች ቀልድ ደገመልኝ። ወዲያው ወደድኩት።

ጉዳዬን ነገርኩት። ሰማኝና ፔርሙሱን ዘረጋልኝ። «ሻይ።»

ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ሻይ አምሮኛል። «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ጠጥቼ ነው የወጣሁ» አልኩ። በልቤ «በሞቴ» እስኪል እጠብቃለሁ። ቮሎዲያ ክዳኑን ዘጋና ፔርሙሱን መለሰ። በቃ። ትንሽ ቆይቶ በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ዳቦ በሥጋ አወጣ። «ብላ።» «አይ፣ ጠግቤያለሁ።» ትከሻውን ነቀነቀና ሁለቱንም ለብቻው በላቸው። እየሰረቅሁ አየው ነበር። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩ በሆዴ፣ «ትንሽ እንኳ አይለምንም?»

እኩለ ቀን ሲሆን መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስን። ግራውና ቀኙ ጫካ ነው፤ ቤት የለም። ቮሎዲያ መኪናውን አቆመና «እኔ ወደ ቀኝ ነኝ» አለ። «ያንተ ግራው ነው። ግን ዛሬ በዓል ነው፣ መኪና ላይመጣ ይችላል። ቤቴ ቅርብ ነው። ሚስቴ ሾርባ ሠርታለች። እደር፤ ነገ ጠዋት ራሴ አደርስሃለሁ።»

ወዳጆቼ፣ ልቤ ዘሎ እሺ ሊል ነበር። አፌ ግን የእናቴ ነው። «አይ፣ ምን ሲደረግ! አላስቸግርህም። እንደምንም እሄዳለሁ» አልኩት። ከዚያም ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ። ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ካዛንቺስ ቢሆን እጄን ጎትቶ፣ ቦርሳዬን ነጥቆ፣ ሚስቱን ምስክር ጠርቶ ነበር።

ቮሎዲያ «እንዳልክ» አለ። እጄን ጨበጠና አወረደኝ። መኪናው ወደ ቀኝ ታጥፎ ሄደ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ይመለሳል ብዬ ቆሜ አየሁት።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ፈራሁ። ስልኬን ሳወጣ ባትሪው ከብርዱ የተነሣ ጥፍት አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ መኪና አላለፈም። ወዲያ ወዲህ እየዘለልኩ ነበር፤ ኋላ ላይ መዝለሉ ደከመኝ። የእግሬ ጣቶች መጀመሪያ አመሙኝ፣ ቀጥሎ ማመማቸውን አቆሙ። ማመም ሲያቆም ነው አደጋው፤ ይህንን መጀመሪያ ዓመት አስተምረውናል። ከሁሉ የሚገርመው እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። በረዶው ላይ ትንሽ ልቀመጥ አልኩ። «ትንሽ ብቻ» የሚለው ሐሳብ እንዴት እንደሚጣፍጥ አልነግራችሁም።

ያን ጊዜ እማማ ዘይነባ ትዝ አሉኝ። «አትቸገር አልኩት፤ እሱ ግን እውነት መስሎት ቀረ።» በረዶው መሃል ቆሜ ሳቄ መጣ፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ሄደ። የእሳቸውን ቃል ላደርስ መጥቼ እኔው ራሴ ያንኑ ሠራሁት! እሳቸው በአንድ «አትቸገር» ልጃቸውን አጡ። እኔ በአንድ «አላስቸግርህም» ነፍሴን ላጣ ነው። ታዲያ ማን ላይ ይፈረዳል? ቮሎዲያ ምን አጠፋ? ሰውዬው የነገርኩትን አመነኝ።

«ጌታዬ፣ አንድ መኪና ላክልኝ» አልኩ ጮክ ብዬ በአማርኛ። «አንዴ ከተጠየቅሁ እሺ እላለሁ።»

መኪናው ወዲያው አልመጣም፤ ተረት እንዳይመስላችሁ። ብዙ ቆይቶ፣ እኔም መዝለሉን ትቼ ግንድ ተደግፌ ሳለሁ፣ የዳቦ ቅርጽ ያላት አሮጌ ግራጫ መኪና እየተንቀጠቀጠች መጣች። በእጄ ምልክት ልስጥ ብል እጄ አልነሣ አለኝ። እሷ ግን ራሷ ቆመች። የነጂዋ በር ተከፈተና ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ያጠለቀች ሴት ወጣች። ታማራ ትባላለች፤ በየመንደሩ ፖስታ የምታደርስ ሴት ናት።

«ግ...» ብላ ሳትጨርስ «አዎ!» አልኳት።

«ሻይ...»

«አዎ!»

«ዓሣ ያለበት ዳቦ...»

«አዎ! አዎ!»

ቆማ አየችኝ። «ልጄ፣ ቆይ እስቲ ልጨርስ» ብላ ሳቀች። ጫማዬን አስወልቃ እግሬን በራሷ የሱፍ ሻርፕ ጠቀለለችው፤ በመዳፏ እያሸች፣ እያሞቀች። ስሜቱ ሲመለስ እሳት የያዘኝ ያህል ጮህኩ። «ጩኽ፣ ጩኽ፤ የሚጮህ እግር ጤነኛ ነው» አለችኝ። ዳቦውን ሰጠችኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ነገር አልበላሁም። ዓሣው ጨው በዝቶበት ነበር።

የት እንደምሄድ ስትጠይቀኝ አድራሻውን የያዘውን ወረቀት ሰጠኋት። አነበበችና ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ ቤት ባዶ ነው። ከተቃጠለ አምስት ዓመቱ።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። «ሰይድ የሚባል... ጥቁር ሰው... የመርከብ ሞተር ተምሮ ነበር...»

«ሰርዮዣ?» አለች ታማራ። «የጀልባ ሞተር የሚጠግነው ሰርዮዣ? ታዲያ እንዲህ አትልም! የዚህች መኪና ሞተር በማን የሚሄድ መሰለህ?»

እስኪ አስቡት። አውቶቡስ ይዤ ሄጄ ቢሆን የተቃጠለ ቤት በር አንኳኩቼ እመለስ ነበር። ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ከተማዋ የእንጨት ቤቶች፣ አንድ ረጅም መንገድ፣ ከዚያ ባሕሩ። ባሕሩ ወደ በረዶ ተለውጦ ነጭ ሜዳ ሆኗል፤ ጀልባዎቹ በላዩ ተጋድመዋል። ታማራ ከጀልባ መጋዘኑ ጀርባ ያለ ትንሽ ቤት በር ላይ አቆመችና በሩን በጡጫዋ ደበደበችው።

የከፈቱት ረጅም ሰው ናቸው። ጠጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ በእጃቸው የሞተር ዘይት የሚጠርጉበት ጨርቅ ይዘዋል። ግንባራቸው የእማማ ዘይነባ ግንባር ነው፤ ቁርጥ። መንገድ ሙሉ ስለማመደው የነበረው ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ጋሽ ሰይድ?» አልኩ። «እኔ... ከካዛንቺስ ነው የመጣሁት።»

ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። ወደ ኋላ ሄደው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ወዲያው ከወንበሩ ወርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ምን እንደሆኑ አልገባኝም።

«መቼ?» አሉኝ። አማርኛቸው ዝጓል፤ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

«ምኑ?»

«መቼ አረፈች? እናቴ።»

ያኔ ገባኝ። እኛ አገር ሰው ሳይጠራ፣ ሳይነግር፣ ከሩቅ አገር ቤትህ ድረስ ከመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። ጋሽ ሰይድ በሩሲያኛ እያለሙ፣ ሰርዮዣ እየተባሉ ይህን ሁሉ ዓመት ኖረው ይህን አልረሱም።

«የለም! የለም!» ብዬ ጮህኩ። እኔም ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። «በሕይወት አሉ! ጤነኛ ናቸው! በአላህ፣ መርዶ አይደለም!»

ታማራ በሩ ላይ ቆማ «ምን ብለህ ነው ያስለቀስከው?» ትለኛለች። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው ያለቅሳሉ። እኔም አለቅሳለሁ። ታማራም ነገሩ ሳይገባት አልቅሳ ሄደች። በነገራችን ላይ ሻርፗ እስካሁን እኔ ጋ ነው።

ትንሽ ሲረጋጉ «አንድ ቃል ልከውኛል» አልኳቸው። «ሌላ እንዳልጨምር አስጠንቅቀውኛል። ና ብላሃለች በለው ብለዋል።»

ጋሽ ሰይድ ተነሥተው ከመሣሪያ ሳጥናቸው ሥር የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። በታይፕ የተጻፈ አማርኛ ነው። «አትቸገር። እኔ ደህና ነኝ። እዚያው ኑር።»

«ይህ ሲደርሰኝ ሩሲያዊት አግብቼ ነበር» አሉ። «ሰምታ ተቀይማኝ መሰለኝ። አትምጣብኝ ያለችኝ መሰለኝ። ሁለተኛ ብትጽፍ እሄዳለሁ አልኩ። ጠበቅሁ። ቤቱ ሲቃጠል እንኳ መጀመሪያ ያወጣሁት ይህን ነው። ሚስቴ እስክትሞት ድረስ፣ ሂድ፣ እናት አትቀየምም ትለኝ ነበር። እኔ ግን እንግዳ ሰው ሆኜ... ሳይጠሩ እንዴት ይኬዳል?»

ስልኬ ሞቆ ነፍስ ዘርቶ ነበር። የአርካንግልስክና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ ስለዚህ ካዛንቺስም አመሻሽ ነው። እናቴ እማማ ዘይነባን ዕቃ እንዲያስሩ ልትለምን እሳቸው ጋ ነበረች። ደወልኩና «ለእማማ ስጫቸው» አልኳት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ለጋሽ ሰይድ ሰጠሁ።

«እማ» አሉ።

ከወዲያ ማዶ የእማማ ዘይነባ ድምፅ፣ «ሰይዴ? በላህ ወይ?»

«በልቻለሁ እማ።»

«ብርዱ እንዴት ነው? ደረብ አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ። እማ፣ ልጁ ነገረኝ። ልምጣ ወይ?»

እማማ ዘይነባም፣ አፋቸው የለመደውን አወጣ። «አይ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ብርድ፣ ሥራህን ትተህ፣ ለኔ ብለህ አትቸ...»

የጋሽ ሰይድ ፊት ሲጨልም አየሁ። ስልኩን ከእጃቸው ቀማሁ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። «እማማ! ይተዉ! የላኩኝን ቃል ይንገሩት! አሁን ካልነገሩት ሌላ ጊዜ የለም!»

እናቴ ከጎን «ናቲ፣ ምን ሆነሃል?» ስትል ይሰማኛል። ከዚያ የእማማ ዘይነባ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ መጣ።

«ና» አሉ። «ና ልጄ። ናልኝ። በሩ ሳይፈርስ ና።»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፍም። እኔ ውጭ ወጥቼ በረዶ የሆነውን ባሕር ሳይ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ የሱፍ ቦት ጫማቸውን ሰጡኝ። አንዴ ብቻ ነው «ውሰደው» ያሉኝ፤ እኔም አንዴ ብቻ ነው እሺ ያልኩት። ከከተማው መውጫ ድረስ ሸኙኝና በዓሣ ጫኝ መኪና ተሳፍሬ ወደ መጋጠሚያው ደረስኩ። መኪናዋ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለምትሄድ ወረድኩ። እዚያው የቆምኩበት ግንድ ጋ ልቆም ስል ምን አየሁ? የቮሎዲያ ከባድ መኪና ቆማለች።

ቮሎዲያ ዘሎ ወርዶ በሁለት እጁ ትከሻዬን ያዘኝ። «አንተ! በሕይወት አለህ!» አለ። ትናንት ጭነቱን አራግፎ ቤቱ ደርሶ ለሚስቱ ሲነግራት ሴትየዋ ሾርባውን አላቀርብም ብላ አፈጠጠችበት። «ልጁን በዚህ ብርድ ጥለኸው መጣህ?» ብላ መልሳ ላከችው። ሲደርስ እኔ የለሁም፤ በበረዶው ላይ የዘለልኩበት ዱካ ብቻ ነበር። ጫካ ገብቼ ይሆናል ብሎ እየጮኸ ሲፈልገኝ አምሽቷል። ዛሬም ጠዋት ደግሞ መጥቶ ነው።

ማፈሬ ብሶ ሁሉንም አስረዳሁት፤ እናቴን፣ ቁንጥጫውን፣ ጠግቤያለሁ የሚለውን፣ በሞቴ የሚለውን። ቮሎዲያ አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

«ታዲያ ስንቴ ነው መጠየቅ ያለብኝ?»

«ሦስቴ።»

ፔርሙሱን አወጣ። «ሻይ? ሻይ? ሻይ?» አለኝ። አርካንግልስክ እስክንገባ ድረስ ያንን አልተወም። ዳቦ፣ ዳቦ፣ ዳቦ። ኮፍያ፣ ኮፍያ፣ ኮፍያ። ከመኪናው ስወርድ «ደህና ሁን»ን እንኳ ሦስቴ ነው ያለኝ።

እናንተ የምታነቡ ወገኖቼ፣ ይሉኝታ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እናቴ ያስተማረችኝ ሰው እንዳላስቸግር ነው፤ ለዚያ ዛሬም አመሰግናታለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ መግደርደር የሚሠራው ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው ካለ ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው ሊርቅ ይችላል፣ ሊሞት ይችላል፣ ወይም እንደ ቮሎዲያ የልቡን የሚናገር የዋህ ሊሆን ይችላል። «ና» ልትሉት የምትፈልጉት ሰው ካለ ዛሬ በሉት፤ አንጀቱ ያውቀዋል አትበሉ። አንጀት ብዙ ነገር አያውቅም። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ መድኃኒቱን ግን እሺ ብሎ የሚውጥ ያስፈልጋል። ታማራ ያን ቀን ባትቆም፣ የቮሎዲያ ሚስት ባትቆጣ፣ ጋሽ ሰይድ በር ባይከፍቱ፣ እኔ ይህን የምጽፍ ሰው አልሆንም ነበር። ሁሉንም አመሰግናለሁ። አንዱንም አላስቸገርኩም ብዬ ግን አልዋሽም።

የቀረችኝን ልንገራችሁ። ጋሽ ሰይድ ወረቀታቸውን አስተካክለው የተነሡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ አርካንግልስክ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ አዲስ አበባ ደርሰው ሲም ካርድ አውጥተው ነው።

«ናትናኤል፣ ጠፋሁ» አሉኝ። «ካዛንቺስ ነህ ይሉኛል፤ እኔ ግን አላውቀውም።»

ከክፍሉ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ከሰሜን ሩሲያ ካዛንቺስን መምራት ጀመርኩ። «ከዳቦ ቤቱ ወደ ግራ ይታጠፉ።» «ዳቦ ቤት የለም።» «እሺ፣ ትልቁ ዋርካ ጋ...» «ዋርካውም የለም። ሜዳ ነው። ድንጋይና ቆርቆሮ ነው።» እኔም የማውቀው መንገድ አለቀብኝ። በሩ ከአራት ቀን በፊት ፈርሷል። ይህን እናቴ ነግራኝ ነበር፤ ለሳቸው ግን መንገር ፈርቼ ነበር።

«ጋሽ ሰይድ፣ ቤቱ...» ብዬ ልነግራቸው ስጀምር፣ «ቆይ» አሉኝ። «አንዲት አሮጊት አሉ። ሜዳው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛላቸዋለች።»

ጃንጥላ የያዘችው እናቴ ነበረች። እማማ ዘይነባ በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ካልተቀመጥኩ ብለው ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበሩ።

ስልኩ አልተዘጋም። የጫማቸው ድምፅ ድንጋዩ ላይ ሲሮጥ ሰማሁ። ከዚያ ልቅሶ። ብዙ ቆይቶ የእማማ ዘይነባ ድምፅ በሩቁ መጣ።

«በላህ ወይ?»

ጋሽ ሰይድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጠየቁት።

«አልበላሁም እማ» አሉ። «በጣም ርቦኛል።»